ድራም ማሽን ከኪቦርድ ጋር፦ ይገዛ ወይስ ይቅር? ለደሴና ለኮምቦልቻ ተጫዋቾች

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው አንድ አይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ኪቦርድ አለኝ፣ ድራም ማሽን (የድራም ምት ራሱ እየደጋገመ የሚያጫውት ሳጥን) ልጨምርበት ወይ?» አንደኛው ደሴ ውስጥ ከአንድ ዘፋኝ ጋር ሆኖ ሰርግ የሚሰራ ልጅ ነው፣ ሁለተኛዋ ኮምቦልቻ አንድ ሆቴል ውስጥ ቅዳሜና እሁድ ማታ ከባንድ ልጆች ጋር የምትጫወት ናት፣ ሦስተኛው ደግሞ ሆጤ አካባቢ ቤቱ ቁጭ ብሎ ቢት የሚሰራ ነው፣ መድረክ ላይ ገና አልወጣም። ለሦስቱም የተለያየ መልስ ሰጠኋቸው፣ አንዱን ግዛ አልኩት፣ አንዱን ተው አልኩት፣ እሷን ደግሞ ሌላ ነገር ግዢ አልኳት። በስልክ ሦስት ጊዜ ከማወራው እዚህ አንዴ በደንብ ልፃፈው ብዬ ነው።

ከሁሉም በፊት አንድ ነገር፣ የዕቃውን ስም ከመጠየቃችሁ በፊት እጃችሁን ቁጠሩ። እየቀለድኩ አይደለም። ግራ እጃችሁ ኮርድ ይይዛል፣ ቀኙ ዜማውን ይሄዳል፣ መሃል ላይ ደግሞ ዘፋኙ ዞር ብሎ «አንድ ድምፅ ከፍ» ሲላችሁ ትራንስፖዝ ትነካላችሁ፣ ሚዜዎቹ ሲገቡ ኢንትሮ ትመልሳላችሁ። ታዲያ ድራም ማሽኑን የሚነካው የማን እጅ ነው? ይሄን ያልመለሰ ሰው የፈለገውን ያህል ውድ ማሽን ቢገዛ ሁለተኛው ሰርግ ላይ ሳጥኑ ውስጥ ትቶት ነው የሚሄደው፣ እንደዛ ሆኖ የቀረ ስንት ማሽን አይቻለሁ።

ኪቦርዱ ራሱ ምን እየሰራላችሁ ነው

አሬንጀር ኪቦርድ የምንለው (ያማሃ ፒኤስአር፣ ኮርግ ፒኤ ምናምን) ስታይል (የተዘጋጀ ማጀቢያ) ስትከፍቱ ስምንት ትራክ ነው የሚያጫውተው። ያማሃው ላይ ሁለቱ ድራም ናቸው፣ ሪትም 1 እና ሪትም 2፣ አንዱ ቤዝ ነው፣ የቀሩት ኮርድና ማጀቢያ ናቸው። ትልቁ ነገር ድምፁ አይደለም፣ ታዛዥነቱ ነው። ሜይን ኤ (የስታይሉ አንዱ ክፍል) ላይ ሆናችሁ ቢ ስትጫኑ ድራሙ ራሱ ፊል (መሸጋገሪያ ምት) ሰርቶ ይሻገራል፣ ኢንዲንግ ስትጫኑ ድራሙ፣ ቤዙ፣ ሁሉም አንድ ላይ ይዘጋል። ስለዚህ ድራሙን ከኪቦርዱ ነጥላችሁ ለሌላ ማሽን ስትሰጡ ድምፅ ታገኛላችሁ ግን ይሄን ታዛዥነት ታጣላችሁ። ንጽጽሩ በሙሉ ያለው እዚህ ጋ ነው፣ የቀረው ዝርዝር ነው።

ግን ሰው ለምን ድራም ማሽን ይፈልጋል ስትሉ ምክንያቱ እውነት ነው፣ እኔም አልቃወምም። የኪቦርዱ ኪክ (ወፍራሙ የድራም ምት) በሁለት ትልልቅ ሞንታርቦ ስፒከር ድንኳን ውስጥ ሲወጣ ይሳሳል፣ ከቤዙና ከስትሪንጉ ጋር በአንድ ኬብል ተጨፍልቆ ስለሚወጣ ሳውንድ ማኑ ለብቻው ሊያነሳው አይችልም። ሌላው ደግሞ ፋብሪካው የጫነው በሲክስ ኤይት (6/8) ምት የተሰራ ስታይል አብዛኛው የፈረንጅ ቀስ ያለ ዘፈን ነው፣ ለእስክስታ አይሆንም። በፍላሽና በቴሌግራም የሚዞረው የኛ ስታይል ደግሞ ሁላችንም ጋ ያው አንድ ስለሆነ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ያለው ሰርግና ሰኞ ገበያ ሰፈር ያለው ሰርግ አንድ አይነት ድራም ነው የሚሰማው። ሰዉ ይሰለቻል፣ እኛም ሰልችቶናል።

ምርጫ አንድ፦ ምንም ሳይገዙ ያለውን ማስተካከል

ይሄን ማንም አይወደውም ምክንያቱም አዲስ ዕቃ የለበትም። እኔ ግን ለብቻው ለሚሰራ ሰው መጀመሪያ ይሄን ነው የምለው። ያማሃ ኤስኤክስ ተከታታይ ላይ ስታይል ክሪኤተር አለ፣ የድሮዎቹ ኤስ 670፣ 770፣ 970 ላይም አለ። የምትወዱትን ስታይል ኮፒ አድርጉና ሪትም 1 እና 2ን ክፈቱ፣ ስኔሩን አውጡት፣ እስክስታ ላይ ያ ኃይለኛ ስኔር እኮ ነው ፈረንጅ የሚያስመስለው። በምትኩ ዝቅ ያለ ቶም ወይም ከበሮ የሚመስል ፐርከሽን አስገቡበት፣ ምቱን በጣታችሁ ተጫወቱት፣ ኳንታይዙን (ምቱን ልክ ጊዜው ላይ የሚያስተካክለውን) ግን መቶ በመቶ አታድርጉት፣ ትንሽ ሰው ሰው ይሽተት። ሜይን ኤን ለዘፋኙ ግጥም ባዶ ባዶ አድርጋችሁ፣ ዲን ለጭፈራው ሙሉ አድርጋችሁ ስሩ። አንድ ስታይል በደንብ ለመስራት አንድ ቀን ሙሉ ይፈጃል፣ አምስት ከሰራችሁ ግን አንድ ሰርግ ይወጣል።

ከዚህ አልፋችሁ የራሳችሁን የከበሮ ድምፅ መጫን ከፈለጋችሁ ያማሃው ላይ ኤክስፓንሽን ማኔጀር የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም አለ፣ የቀዳችሁትን ድምፅ ድራም ኪት አድርጎ ይጭንላችኋል፣ በዛ የሚሰራ ሞዴል መሆኑን ብቻ አረጋግጡ። ኮርጎቹ ላይ ደግሞ ብዙዎቹ የራሳችሁን ሳምፕል (የቀዳችሁትን ድምፅ) ይቀበላሉ። ትንንሾቹ የያማሃ ኢ ተከታታዮች ግን ስታይል መስሪያ የላቸውም፣ ስለዚህ ኢ ያላችሁ ሰዎች ይሄ ምርጫ ለናንተ ተዘግቷል፣ ወደሚቀጥለው እለፉ።

ምርጫ ሁለት፦ ድራም ማሽን በሲንክ (ሁለቱ በአንድ ቴምፖ አብረው ሲሄዱ)

አሁን ወደ ዋናው። ሁለቱን የሚያገናኘው ሚዲ የሚባለው የሙዚቃ ዕቃዎች መግባቢያ ነው፣ ከ1983 እ.ኤ.አ ጀምሮ ያለ ስምምነት ስለሆነ የዛን ጊዜ ማሽንና የዘንድሮ ኪቦርድ ይግባባሉ፣ ይሄ ነገር ሁሌም ይገርመኛል። ኪቦርዱ ክሎክ (የቴምፖ ምልክት) ይልካል፣ በአንድ ሩብ ኖታ 24 ጊዜ ማለት ነው፣ ድራም ማሽኑ ያንን እየቆጠረ ይሄዳል። ከክሎኩ ጋር ጀምር፣ አቁም የሚል መልእክትም አብሮ ይሄዳል። ቴምፖ ስትጨምሩ እሱም ይጨምራል፣ ስታይሉን ስታቆሙ እሱም ያቆማል።

ሴቲንጉ ቀላል ነው። ያማሃው ላይ ሚዲ ውስጥ ሲስተም ግቡና ክሎኩን ኢንተርናል፣ ትራንስሚት ክሎክን ኦን አድርጉ። ኮርጉ ላይ ግሎባል ውስጥ ሚዲ ጋ ክሎክ ሴንድ የሚለውን። ድራም ማሽኑ ላይ ደግሞ ሲንኩን ኤክስተርናል ወይም ሚዲ። ከኪቦርዱ ሚዲ አውት ወደ ማሽኑ ሚዲ ኢን አንድ ኬብል፣ በቃ።

ችግሩ ቀዳዳው ላይ ነው። ብዙ ሰው ያለው ኪቦርድ ክቡ ባለ አምስት እግር ሚዲ የለውም፣ ወደ ኮምፒውተር የሚሄደው ዩኤስቢ ብቻ ነው ያለው። ድራም ማሽኑም ዩኤስቢ ካለው «በዩኤስቢ ኬብል አገናኛቸዋለሁ» ትላላችሁ፣ አይሆንም። ሁለቱም የኮምፒውተር ታዛዥ ሆነው ነው የተሰሩት፣ መሃላቸው አዛዥ ያስፈልጋል፣ ወይ ላፕቶፕ ወይ የዩኤስቢ ሚዲ ሆስት የምትባል ትንሽ ሳጥን። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ኪቦርዱን ገልብጣችሁ ጀርባውን እዩ። አዳዲሶቹ ትንንሽ ማሽኖች ደግሞ ሚዲያቸው እንደ ኢርፎን ጃክ ቀጭን ነው፣ አስማሚው ኤ እና ቢ የሚባል ሁለት አይነት አለው፣ ያልሆነውን ከገዛችሁ ዝም ይላል፣ ማሽኑ የተበላሸ ይመስላችኋል።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረኝን ልንገራችሁ፣ ኮምቦልቻ ሰርግ ላይ ነው የተማርኩት። ስታይሉን አስነሳሁ፣ ድራም ማሽኑም አብሮ ተነሳ፣ የመጀመሪያው ምት ገጠመ። ከዛ በኋላ ግን ድራሙ ሸሸ፣ ከዛ ተመልሶ ገጠመ፣ ከዛ ደግሞ ሸሸ። መሃል ላይ የነበሩት እስክስታ ወራጆች ትከሻቸውን አቆሙና ወደኔ ዞሩ፣ አንዲት እናት «ልጄ ምነው፣ ምቱ ምን ሆነ» አሉኝ፣ እስከዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ኬብሉ ነው ብዬ ነካካሁት፣ ኬብሉ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኛው ድራም ማሽን ከፋብሪካው ሲመጣ 16 ስቴፕ (የምት ማስቀመጫ ቦታ) ነው፣ 16ቱ አራት ሩብ ኖታ ይሆናል፣ ፎር ፎር (4/4)። የኛ ሲክስ ኤይት ግን አንዱ ቤት (ባር፣ አንድ ሙሉ የምት ዙር) ሦስት ሩብ ኖታ ነው፣ ማለትም 12 ስቴፕ። ማሽኑን 16 ላይ ከተዋችሁት ክሎኩ በትክክል እየሄደ ቤቱ ግን ይንሸራተታል፣ ኪቦርዱ አራት ቤት ሲጨርስ ድራሙ ሦስት ይጨርስና 48ኛው ስቴፕ ላይ ይገናኛሉ፣ ለዛ ነው ሄድ መለስ የሚል የሚመስለው። መፍትሄው ላስት ስቴፕ ወይም ሌንግዝ የሚለውን 12 ማድረግ ነው። ከዛ ከባዱን ምት 1 እና 7 ላይ፣ ትንንሾቹን 3፣ 5፣ 9፣ 11 ላይ እያስቀመጣችሁ ሞክሩ፣ የቱ ይክበድ የቱ ይቅለል የሚለው የናንተ ጆሮ ነው፣ የወሎው ምት ረጋ ብሎ ወዝ ያለው ስለሆነ ሁሉንም ስቴፕ መሙላት አያምርበትም።

ግን ቆይ፣ ሁሉም ስታይል በሲክስ ኤይት አልተፃፈም። ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞሩት አንዳንዶቹ ፎር ፎር ሆነው በትሪፕሌት (እያንዳንዱ ምት ለሦስት ተከፍሎ) ነው የተሰሩት። መለያው የኪቦርዱ የቢት መብራት ነው፣ በአንድ ቤት ስንቴ ብልጭ እንደሚል ቁጠሩ፣ ወይ ስክሪኑ ላይ ታይም ሲግኔቸሩን እዩ። ፎር ፎር ከሆነ ማሽኑን 12 ስቴፕ አድርጋችሁ ስኬሉን ወደ ትሪፕሌት ቀይሩት፣ ያኔ ከባዶቹ 1፣ 4፣ 7 እና 10 ላይ ይመጣሉ። ይሄን ካላወቃችሁ የትኛውም ማሽን ያበሳጫችኋል፣ ካወቃችሁ ደግሞ ርካሹም ይሰራል።

በእጅ ቴምፖ የምታስተካክሉ ካላችሁ ደግሞ፣ ኪቦርዱ ላይ 150 የሚለው በሩብ ኖታ ከሆነ በእግራችሁ የምትመቱት 100 ነው፣ ሁለቱን እንዳታምታቱ። በክሎክ ሲሄድ ይሄ አያሳስብም።

የቱ ማሽን?

ሁሉንም አልዘረዝርም፣ የማውቃቸውን ብቻ።

አሌሲስ ኤስአር 16 የድሮ ነው፣ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ መጀመሪያ ጀምሮ እስከ ቅርብ ጊዜ ሲሸጥ የኖረ፣ 233 ድምፅ አለው፣ የራሳችሁን ድምፅ ግን አይጭንም። ከበሮ የለውም ማለት ነው፣ ቶሙን ቀይራችሁ ልታስመስሉ ትችላላችሁ እንጂ። የምወድለት ነገር ጀርባው ላይ ሁለት የፔዳል ቀዳዳ አለው፣ በአንዱ ታስነሳላችሁ ታቆማላችሁ፣ በሌላው ፊል ሰርታችሁ ከኤ ወደ ቢ ትሻገራላችሁ። እጅ ቁጠሩ ያልኩት ትዝ ይላችኋል፣ ይሄ እግርን እጅ ያደርገዋል። ብቻውን ለሚሰራ ሰው ድራም ማሽን የግድ ከሆነ ከውዶቹ ይልቅ ይሄ ያገለግለዋል።

ሮላንድ ቲአር 8ኤስ በ2018 እ.ኤ.አ የወጣ ነው፣ የሮላንድን የድሮ ድራም ማሽኖች፣ የ1980 እ.ኤ.አውን የ808 እና የ1983 እ.ኤ.አውን የ909 ድምፅ ይዟል፣ በዛ ላይ በኤስዲ ካርድ የራሳችሁን ሳምፕል ይጭናል፣ ስለዚህ እውነተኛ ከበሮ ቀድታችሁ ማስገባት ትችላላችሁ። ለእያንዳንዱ ድምፅ የራሱ ተንሸራታች ፌደር አለው፣ ግን እጅ ይፈልጋል፣ ብዙ እጅ። ታናሹ ቲአር 6ኤስ ስድስት ትራክ ብቻ ነው ያለው፣ ግን በአራት የባትሪ ድንጋይ ይሰራል፣ ሳምፕልም ይጭናል። ቤቱ ቢት ለሚሰራው ለሆጤው ልጅ ግዛ ያልኩት ይሄን ነው፣ ቤት ውስጥ ሁለት እጅ ባዶ ነው፣ ጊዜም አለ፣ ከስታይሉ ኮርዱንና ቤዙን ብቻ ወስዶ ድራሙን ከማሽኑ ሲሰራ ዘፈኑ ከሌላው ሰው ዘፈን ይለያል።

ኮርግ ቮልካ ቢትስ ርካሽና ትንሽ ናት፣ ኪኳ ለመጠኗ ይገርማል፣ ግን ያላት የራሷ ድምፅ ብቻ ነው፣ አብዛኛው አናሎግ፣ ለባህላዊ ብዙም አትሆንም፣ ለዘመናዊ ለሆቴሉ ዓይነት ትሆናለች።

ቢትባዲ የሚባል ደግሞ አለ፣ ራሱ የእግር ፔዳል ነው፣ አንዴ ስትረግጡት ይነሳል፣ መሃል ላይ ስትረግጡት ፊል ይሰራል፣ ረግጣችሁ ስትይዙት ወደ ሌላው ክፍል ይሻገራል። ሲንኩን በልዩ ኬብል ነው የሚያገኘው፣ እሱን ኬብል ሳትይዙ እንዳትገዙ።

ሦስተኛው መንገድ፦ ማሽኑን ድምፅ ብቻ ማድረግ

ይሄን ብዙ ሰው አያውቀውም፣ እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምወደው ነው። ኪቦርዱ ክሎክ ብቻ አይደለም የሚልከው፣ የስታይሉን የድራም ኖታም መላክ ይችላል። ጄኔራል ሚዲ ላይ ድራም ቻናል 10 ነው፣ ኪክ ኖታ 36፣ ስኔር 38፣ የተዘጋ ሃይ ሃት 42፣ ክፍቱ 46። ድራም ማሽኑን ቻናል 10 ላይ አድርጋችሁ እነዚህን ኖታዎች ለምትፈልጉት ድምፅ ከሰጣችሁ ኪቦርዱ ራሱ ማሽኑን ይመታዋል። ሜይን ቢ ስትጫኑ ፊሉ በማሽኑ ድምፅ ይወጣል፣ ኢንዲንግ ስትጫኑ አብሮ ይዘጋል። ታዛዥነቱም ድምፁም ተገኘ። የእጅ ጥያቄም ተፈታ፣ ማሽኑን ማንም አይነካውም።

ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። አንድ፣ የማሽኑን ሲንክ አጥፉት ወይም ፓተርኑን ባዶ አድርጉት፣ አለዚያ የራሱን ፓተርንም እየተጫወተ ድርብ ይሆናል። ሁለት፣ የኪቦርዱን የራሱን ድራም ስትቀንሱ የማሽኑም ድምፅ አብሮ ከቀነሰ የቮልዩም መልእክት እየተላከ ነውና ማሽኑ ላይ ያንን መቀበሉን አጥፉት። መዘግየት ይኖረዋል ወይ ለምትሉ፣ በሚዲ ኬብል አንድ ኖታ ለመድረስ አንድ ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው የሚወስደው፣ ጆሮ አይሰማውም።

ሰው ካለ ግን ሰው ይብለጥ

ለኮምቦልቻዋ ልጅ ድራም ማሽን አትግዢ ያልኳት ለዚህ ነው። ባንድ ውስጥ ናት፣ እጁ ባዶ የሆነ ልጅ አለ፣ ታዲያ ማሽን ለምን? ፓድ (በዱላ ሲመቱት ድምፅ የሚያወጣ ዕቃ) ይሻላታል። ሮላንድ ኤስፒዲ ኤስኤክስ ዘጠኝ ፓድ አለው፣ ሳምፕል በፍላሽ ይጭናል፣ ፋይሉ ዌቭ ከሆነ 16 ቢት 44.1 ኪሎ ኸርዝ መሆን አለበት፣ በሌላ ፎርማት ያለ ፋይል አምጥቶ «አልነበበም» ብሎ የሚናደድ ሰው ብዙ ነው። ኪቦርዷ ስታይሉን ይይዛል፣ ሪትም 1ን ታጠፋለች፣ ልጁ በዱላ ከበሮውንና ጭብጨባውን ይመታል። ሲንክ የለ፣ 12 የለ 16 የለ፣ ልጁ እሷን እያየ ይመታል፣ ዘፋኙ ቢዘገይ አብሮ ይዘገያል፣ ማሽን ይሄን አያደርግም። የሆቴል ታዳሚ ደግሞ የሚመታ ሰው ሲያይ ይነሳል፣ ሳጥን እያየ የተነሳ ሰው አላየሁም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ እውነተኛው ከበሮ አለ። እኛ እኮ ወሎ ነው ያለነው፣ ከአራቱ ቅኝት ባቲና አምባሰል ስማቸው ከዚሁ ካገራችን ነው፣ ትዝታውም ቢሆን እዚህ ሌላ ነው፣ መንዙማው በድቤ፣ ሰርጉ በከበሮ፣ እጃቸው ላይ ምቱ ያደገ ሰዎች ሰፈራችን ውስጥ አሉ። እኔ ጋ አንድ ጋሼ አሉ፣ ደሴ ላይ ሰርግ ሲኖረኝ ሄጄ እለምናቸዋለሁ። ሲጫወቱ የኪቦርዱን ድራም ሙሉ በሙሉ አጠፋና ቤዝና ኮርድ ብቻ እተዋለሁ፣ ቀጭን ሃይ ሃት እሳቸው ቴምፖውን እንዲሰሙበት ትቀራለች፣ ሞኒተር ስፒከር ፊታቸው አደርጋለሁ። የዛን ቀን ድንኳኑ ውስጥ የሚሆነውን ማሽን አምጥቶ አያውቅም።

ችግሮቹም አሉት፣ አልደብቅም። ደሴ ጉም ሲወርድ፣ ሐምሌ ነሐሴ ምናምን፣ ቆዳው ይላላል፣ ጋሼ ከሰል ምድጃው ጋ ሄደው ያሞቁታል፣ ፕሮግራሙ ይዘገያል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ፀሐይ ላይ ስትሆኑ ደግሞ ይጠብቃል፣ ድምፁ ይቀጥናል። ማይክ ይፈልጋል፣ አንድ ለትልቁ ፊት፣ ከቻላችሁ አንድ ለትንሹ፣ ኤስኤም 57 አይነት ዳይናሚክ ይበቃል፣ ግን ሞንታርቦው ፊት ለፊት ከሆነ ይጮሃል፣ ጎን አድርጉት። እና የሰው ክፍያ አለ፣ በአግባቡ ክፈሉ፣ ሙያ ነው።

መሃል መንገድም አለ፣ ጋሼን በክብር አስፈቅዶ የእጃቸውን ምት መቅዳት። ፀጥ ባለ ቤት ውስጥ ትልቁን ፊት በቀስታና በኃይል፣ ትንሹን ፊት እንደዛው፣ እያንዳንዱን አምስት ስድስት ጊዜ። አንድ ምት ብቻ ቀድቶ እሱን ደጋግሞ ማጫወት ወዲያው ማሽን ማሽን ይላል። እነዚህን ወደ ኪቦርዱ ኪት ወይም ወደ ቲአሩ ወይም ወደ ፓዱ ከጫናችሁ፣ ከላይ ያልኳቸው ምርጫዎች ሁሉ ሌላ ነገር ይሆናሉ። ዕቃ ከመቀየር ድምፅ መቅዳት ይበልጣል፣ ይሄን በሙሉ ልቤ ነው የምላችሁ።

ስልክና ላፕቶፕስ? ለልምምድ ጥሩ ነው። ለመድረክ አልመክርም፣ ዘፈን መሃል ስልክ ይደወላል፣ በብሉቱዝ ደግሞ ድምፁ ዘግይቶ ነው የሚወጣው፣ ከኪቦርዱ ጋር ጭራሽ አይገጥምም። የግድ ከሆነ በኬብል፣ ስልኩ ኤርፕሌን ላይ።

መብራት፣ መንገድ፣ ሚክሰር

መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን አስቡ። ኪቦርዱ ጠፍቶ እስኪነሳ ጊዜ ይፈጃል፣ ጀኔሬተሩ እስኪነሳ ደግሞ ሌላ ጊዜ። ክሎኩ ከኪቦርዱ ከሆነ ድራም ማሽኑም ይቆማል፣ በባትሪ ቢሰራም። ስለዚህ ባትሪ ያለው ማሽን ካላችሁ ሲንኩን ወደ ውስጥ መመለሻው የት እንዳለ አይናችሁ ጨፍኖ እወቁት፣ ሞንታርቦውና ሚክሰሩ በዩፒኤስ ወይም በጀኔሬተር ካለ ድራሙና ጭብጨባው ይቀጥላል፣ ዘፋኙ «አሃ በል» እያለ ይይዘዋል፣ ኪቦርዱ ሲነሳ ትገባላችሁ። አንዴ ሰርግ ያተረፈልኝ ነገር ነው። ኪቦርዱን ራሱን ትንሽ ዩፒኤስ ላይ ማድረግ ደግሞ ከሁሉም ይሻላል፣ የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው።

መንገዱን ታውቁታላችሁ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሀያ ምናምን ኪሎ ሜትር ቢሆንም ቁልቁለቱና ጥምዝምዙ ዕቃ ያንገላታል፣ ሚኒባስ ላይ ጣሪያ ላይ የተጫነ ማሽን ኖቡ ተነቅሎ ይደርሳል። የተጨመረ ማሽን ማለት የተጨመረ አዳፕተር፣ የተጨመረ ሁለት ጃክ፣ የተጨመረ ቦርሳ ነው፣ ማታ ስድስት ሰዓት ላይ ስትጠቀልሉት ታውቁታላችሁ።

ሚክሰር ላይ ድራሙን በራሱ ቻናል አስገቡት፣ ማሽኑን ለመግዛት ግማሹ ምክንያት ይሄ ነው። በኪቦርዱ ኦክስ ኢን በኩል ማሳለፍ ይቻላል ግን ያኔ ተመልሶ ያው ተጨፍልቆ ነው የሚወጣው። ኤስኤክስ 900 ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ሰብ አውት የሚባል ተጨማሪ መውጫ አላችሁ፣ የኪቦርዱን ድራም ለብቻው በሱ ማውጣት ትችላላችሁ፣ «ኪኩ ሳሳ» የምትሉት ችግር ያለ ምንም ግዢ እዛው ሊፈታ ይችላል፣ መጀመሪያ ሞክሩት። ማሽኑን ስታስገቡ የስታይሉን ቤዝ ትንሽ ቀንሱት፣ ኪኩና ቤዙ አንድ ቦታ ላይ ሲጋጩ ድንኳኑ ውስጥ ጉምጉም ብቻ ነው የሚሰማው።

ለደሴው ልጅ፣ ከዘፋኝ ጋር ብቻውን ለሚሰራው፣ ተው ያልኩት እንግዲህ በዚህ ሁሉ ምክንያት ነው። እጅ የለውም። አምስት ስታይል በደንብ ይስራ፣ ከበሮ ይቅዳ፣ ለትልልቅ ሰርግ ሰው ይጥራ። አሁንም ማሽን ካማረው በሦስተኛው መንገድ፣ ድምፅ ብቻ አድርጎ።

ለመግዛት የወሰናችሁ ደግሞ ሱቅ ስትሄዱ፣ ወይም ያገለገለ ከሰው ስትገዙ፣ ኪቦርዳችሁንና ኬብላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። እዛው አገናኙት፣ 12 ስቴፕ አድርጉት፣ አንድ የኛ ሲክስ ኤይት ስታይል አስነሱና አስር ደቂቃ ይሂድ፣ መሃል ላይ ቴምፖውን ከፍ ዝቅ አድርጉት፣ አቁሙት፣ እንደገና አስነሱት፣ የመጀመሪያው ምት ሁሌ መግጠሙን ስሙ። ፓዶቹን ሁሉ አንድ በአንድ ምቱ፣ ያገለገለ ላይ አንዱ የደነዘዘ አይጠፋም። አዳፕተሩን ደግሞ አንብቡት፣ ኤስአር 16 ለምሳሌ 9 ቮልት ኤሲ ነው የሚፈልገው፣ ከሌላ ዕቃ የተገኘ 9 ቮልት ዲሲ ገብቶለት መብራቱ አልበራ ብሎ «ሞቷል» ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ አይቻለሁ፣ ትክክለኛው አዳፕተር ሲሰካለት ይነሳል።